የቄስ አበረ ጃርት

በ1976 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቆመ። የርብ ወንዝ አልሞላም። ውኃ ሳይተኛበት የቀረው የፎገራ ሜዳ በጥቅምት ተሰነጣጠቀ። ጤፉ ፍሬ አልያዘም። ከብቱ በታኅሣሥ መውደቅ ጀመረ፤ በጥር ገዢ አጣ። ሰው ጓያ በላ። ጓያ ብቻ የበላው እግሩ አልታዘዝ አለው።

በዚያ ጥር ከወረታ በታች፣ ሜዳው ላይ ባለች አንዲት መንደር፣ አሥራ ስምንት አባወራዎች ተሰብስበው መከሩ። ዘር በየቤቱ ከተቀመጠ ይበላል። ልጅ ሲያለቅስ እያዩ ዘር ነው ብሎ መቻል አይቻልም። ስለዚህ የሁሉንም የበቆሎ ዘር አንድ ላይ ሰበሰቡ። አምስት ኩንታል ሆነ። ለሚካኤል ደብር ገበዝ፣ ለቄስ አበረ፣ በአደራ ሰጡ። ገበዝ የደብሩን ንብረት የሚጠብቅ ነው፤ እሳቸውን የሚጠረጥር ሰው አልነበረም።

እህሉ በቄሱ ቤት ካለው ትልቅ የጭቃ ጎታ ገባ። ሰው ሁሉ እያየ ክዳኑ በጭቃና በእበት ተመረገ። ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። ግንቦት ሚካኤል ሳይደርስ ማንም እንዳይከፍተው ገዘቱ።

ጎታው ከግንቦት ሚካኤል በፊት ተከፈተ። ባዶ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ደሞዝ ሐሙስ ጠዋት ከወረታ ፖሊስ ጣቢያ በእግሩ መጣ። የገበሬ ማህበሩ ጥበቃ ደሳለው ጠመንጃውን አንግቶ መንደሩ መግቢያ ላይ ጠበቀው።

"ሌባውን ይዘናል፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ። ጃርት አስወጣለሁ ብሎ የገባ ሰው ነው።"

"ማን ይባላል?"

"አዛናው።"

ሃምሳ አለቃው ቆመ። ከዚያ ምንም እንዳልሰማ መንገዱን ቀጠለ።

በ1968 ዓ.ም. ደሞዝ ተራ ፖሊስ ነበር። በሐሙሲት ገበያ የአንድ ነጋዴ በቅሎ ጠፋች። አዛናው የሚባል ገበሬ አጠገቧ ቆሞ ታይቶ ነበር። ደሞዝ ገበያው መካከል አስተኝቶ በጉማሬ አለንጋ ገረፈው። አዛናው ሰረቅሁ አላለም። በአሥራ አምስተኛው ቀን በቅሎዋ ከነጋዴው አማች ቤት ተገኘች። ደሞዝ ይህን ሰማ። ለማንም አልተናገረም።

አዛናው የተገረፈው ሺህ ሰው ፊት ነው። ንጹሕ መሆኑን ግን የሰማ የለም። ከዚያ ወዲህ በሬ የሚያቀናጀው አጣ። ሌላው የሚሸሸውን ሥራ ያዘ። ከሰው ቤት አውሬ ያስወጣል፤ ዘንዶ ከጣራ፣ ጥርኝ ከቆጥ፣ ጃርት ከወለል ሥር። ሥራውን ያውቃል፤ ከሩቅ አገር እንኳ ይጠሩታል። ከወጣ በኋላ ግን ባለቤቶቹ ዕቃቸውን ይቆጥራሉ።

ደሞዝ አዛናውን ከቄሱ ግቢ ውጭ፣ ዋርካ ሥር፣ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ አገኘው። ጠጉሩ ሸብቷል።

"ስምህ?" አለ ደሞዝ።

"ታውቀዋለህ።"

ደሳለው በሰደፉ ነካ አደረገው። "ሃምሳ አለቃን አንተ ትላለህ?"

"እኔና እሱ የቆየ ትውውቅ አለን" አለ አዛናው። "ሸሚዜን አውልቄ ነው የተዋወቅነው።"

የደሞዝ ጆሮ ጋለ። "ፍታው" አለ።

"ይሸሻል፣ ጓድ።"

"ፍታው ብያለሁ።"

አዛናው ክንዱን አሻሸ።

"መቼ መጣህ?"

"ሰኞ። ቄሱ ናቸው የጠሩኝ። ጎታው ሥር ጃርት ገባብኝ፣ ዘሩን ሊጨርሰው ነው ብለው።"

"አገኘኸው?"

"ጃርት የለም። ሰኞውኑ ነግሬአቸዋለሁ። እስከ ረቡዕ ቆይተህ በደንብ ፈልግ አሉኝ። ረቡዕ ተዝካር አለብን ብለው ከነሚስታቸው፣ ከነልጆቻቸው ሄዱ። ቤቱን ለኔ ትተው። ሲመለሱ ጎረቤት ጠርተው ክዳኑን ሰበሩት።"

"ለምን አልሸሸህም?"

"ብሸሽ ሌባ እሆናለሁ። ብቀመጥም ሆንኩ።"

ደሞዝ መሬቱን አየ። አምስት ኩንታል አንድ ሰው በግማሽ ቀን አይሸከመውም። አህያ ይፈልጋል። በግቢው በር ላይ የአህያ ኮቴ አልነበረም።

"አያ ይሁኔም አለ" አለ ደሳለው። "ረቡዕ ጠዋት ሦስት አህያ ጭኖ በዚህ አልፏል። ጭነቱን በጆንያ ሸፍኖታል። ይህ ሲያወጣለት እሱ ሲጭን ነው የዋሉት።"

ይሁኔ የጨው ነጋዴ ነበር፤ በደጉ ጊዜ እስከ ጎንደር የሚታወቅ። ቤቱ ድረስ የሄደውን ሃምሳ አለቃ ከበር አላሳለፈውም።

"ረቡዕ ምን ጭነህ ነበር?"

"ዕቃ።"

"ምን ዕቃ?"

"የራሴ ዕቃ።"

"አያ ይሁኔ፣ እዚህ ካልነገርከኝ ጣቢያ ትነግረኛለህ።"

ይሁኔ ወደ ኋላው ዞሮ በሩን ዘጋ። ሚስቱ እንዳትሰማ ይመስላል። ከዚያ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

"ምን አልክ?"

"ኩበት። ኩበት ነው የጫንኩት። ወረታ ለጠላ ቤቶች እሸጣለሁ። ሴቶች የሚሸጡትን። ሰው እንዳያይብኝ በጆንያ እሸፍነዋለሁ።" ፊቱን አዞረ። "ይኸው ሰማህ። ጻፈውና ለመንደሩ አንብብላቸው።"

ደሞዝ ጆንያዎቹን አራገፈ። የኩበት ፍርፋሪ ብቻ ወደቀ። ደብተሩን ወደ ኪሱ መለሰ።

"አልጽፈውም" አለ።

ወደ ዋርካው ተመልሶ አዛናውን ይዞ ወደ ቄሱ ቤት ገባ። ቄስ አበረ በመደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ስልሳ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው፤ ጥምጥማቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ሚስታቸው የሻሽወርቅ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ከጓዳው በር ቆማለች።

"እሱን እንደገና ቤቴ ታስገባዋለህ?" አሉ ቄሱ።

"ሥራውን ያሳየኝ ብዬ ነው፣ አባ።"

አዛናው ከጎታው ግርጌ ተንበረከከ። ከግድግዳው ሥር እስከ ጎታው የሚደርስ ጉድጓድ አለ።

"አፈሩን እየው" አለ። "ጃርት ከውጭ ሲገባ አፈሩን ወደ ኋላው ይረጫል፤ አፈሩ ውጭ ይቀራል። ይህ አፈር ቤት ውስጥ ነው። የቆፈረው ከውስጥ ያለ ነው።"

"አንተም ውስጥ ነበርክ" አሉ ቄሱ።

"ጉድጓዱን ሰኞ ስገባ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት፣ አባ።"

ቄሱ ከመደቡ ተነሡ። ቀጥሎ ከግድግዳው ስንጥቅ ሁለት የጃርት እሾህ መዝዘው አወጡ። "ጃርት ከሌለ ይህ ከየት መጣ? ከጉድጓዱ አፍ ነው ያነሣሁት። መንደሩ ሁሉ አይቶታል።"

አዛናው አንዱን ተቀበለ። አሸተተው። ለደሞዝ ሰጠው።

"አንተም አሽተው።"

ደሞዝ አሸተተ። "ቅቤ ነው?"

"የከረመ ቅቤ። ጃርት ቅቤ አይቀባም። ጫፉንም ዳስሰው፤ ለስልሷል። ብዙ ራስ ያለፈበት ነው።"

ደሞዝ ገባው። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ጠጉር የምትከፍለው በጃርት እሾህ ነው። እናቱም አንድ ነበራት።

እሾሁን ይዞ ወጣ። የመንደሩ ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ተሰብስበዋል።

"ይህ የማን ነው?" አለና ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

 እናኑ የምትባል ወጣት እጇን ወደ ሹሩባዋ ላከች፤ ሳይደርስ አስታውሳ መለሰችው። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ያን ያህል ሴት የቄሱን ቤት ላለማየት ሲጥር ደሞዝ አይቶ አያውቅም።

ተመልሶ ገባ።

"እመት የሻሽወርቅ፣ ሹሩባ የሚከፍሉበት እሾህ የታለ?"

"ሴትዮዋን ተዋት" አሉ ቄሱ።

"እርስዎን አልጠየቅሁም፣ አባ።"

የሻሽወርቅ ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ አደረገች። ፊቷ በአጥንቱ ቀርቷል።

"እጅህ ላይ ነው" አለች።

ቄስ አበረ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

"በየካቲት ነው የጀመርነው" አለች የሻሽወርቅ። "ትንሿ ልጅ ከተኛችበት አልነሣ አለች። አንድ ጭብጥ ነው ያወጣሁላት። ከጎታው ግርጌ፣ ከእህል መውጫው ቀዳዳ። ላይኛው ምርጊት አልተነካም። በማግስቱ ሌሎቹም አዩን። ስድስት ልጅ ነው ያለኝ። ንፍሮ አድርጌ በር ዘግቼ አበላቸው ነበር። እንመልሰዋለን እንል ነበር። በሚያዝያ ጎታው ባዶ ሆነ።"

"እርስዎስ፣ አባ?"

"በላሁ" አሉ ቄሱ። "ቅዳሴ ላይ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላው ወረታ ወርዶ መንገድ ዳር ይለምናል። እኔ የት ቆሜ ልለምን? በግዝት ያሸግሁትን በልቼ፣ በዚያው አፌ ቀደስሁ።"

"ጃርቱስ?"

"ለመንደሩ የሚነገር ነገር ያስፈልግ ነበር።"

"አምስት ኩንታል የጨረሰ ጃርት በዚያ ጉድጓድ አይወጣም፣ አባ። ይህን ያውቁታል። ስለዚህ ሰው አስፈለገዎት።"

ቄሱ ጥምጥማቸውን ዳሰሱ።

"በዚሁ በፎገራ ሌላ አውሬ አስወጪ አለ። እሱ ይቀርብዎታል። ለምን አዛናውን ጠሩ?"

ቄሱ ሲናገሩ አዛናውን አላዩትም።

"ገበያ ላይ የተገረፈ ሰው ነው። ሌባ መሆኑን አገር ያውቃል። እሱ ነው ብል የሚጠይቀኝ የለም ብዬ።"

አዛናው ወደ ደሞዝ ዞረ። ጠበቀ።

ደሞዝ ስለ በቅሎዋ መናገር የነበረበት አሁን ነበር። ቄሱ አሉ፣ ሚስታቸው አለች፣ ደሳለው በር ላይ ቆሟል። አፉን ከፈተ። "ይነሡ፣ አባ፤ እንሂድ" አለ።

ቄሱ ጥምጥማቸውን በገዛ እጃቸው አውልቀው መደቡ ላይ አስቀመጡ። በመንደሩ መካከል ሲያልፉ የተሳደበ የለም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ጀርባቸውን ሰጡ። ደሞዝ ግን ቄሱን ወደ ኋላ ትቶ ፈጠን ብሎ ነበር የሚሄደው፤ አብሯቸው የተያዘ ይመስል።

አዛናው እስከ ርብ መሻገሪያ አብሯቸው ወረደ። ደሳለው ቄሱን ይዞ ቀድሞ ተሻገረ።

"ሰኞ ታውቅ ነበር?" አለ ደሞዝ።

"ሥራዬ ግድግዳ ማዳመጥ ነው። ጎታውን መታ መታ ሳደርገው ባዶነቱ ተሰማኝ።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"ምን ብዬ? ቄሱ ሰረቁ ብዬ? እኔ?" አዛናው ውኃውን አየ። "አንተስ ትሰማኝ ነበር?"

ደሞዝ ጫማውን አውልቆ እጁ ላይ ያዘ። ቶሎ ያልተሻገረው ግን ውኃው ጠልቆበት አልነበረም።

"የሚቀጥለው ሐሙስ ሐሙሲት ገበያ ና" አለ።

"ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ሐሙሲት ገበያ ረግጬ አላውቅም።"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው።"

ዘሩ አልተመለሰም። አሥራ ስምንቱ አባወራዎች ደጋ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ስልቻ ይዘው ወጡ። ቄስ አበረ ያፈሩትን ልመና እነሱ ለመኑት። ዘግይተው ዘሩ።

በተባለው ሐሙስ የሐሙሲት ገበያ ሲሞላ ሃምሳ አለቃ ደሞዝ ደንብ ልብሱን ለብሶ መጣ። ቆቡን ብብቱ ሥር አድርጓል። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንደሚሸከመው።

"ፖሊስ ድንጋይ ተሸከመ" አለ አንድ ጨው ሻጭ። "ምን ያስቃል?" አለችው አጠገቡ ያለች ሴት፤ እሷም ሳቀች። ሰው መከተል ጀመረ።

አዛናው ከገበያው ጠርዝ ቆሟል። አልተጠጋም። ደሞዝ ሄዶ ፊቱ ተንበረከከ።

"በስልሳ ስምንት እዚህ ገበያ ላይ ይህን ሰው ገርፌዋለሁ" አለ። "በቅሎዋን አልሰረቀም። በአሥራ አምስተኛው ቀን መገኘቷን አውቄአለሁ። እስከ ዛሬ ዝም አልኩ።"

"አልተሰማም" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ደገመው።

አዛናው ወደ ገበያው ማዶ አየ።

"ከብት ተራ ያሉት አልሰሙም" አለ። "ያን ቀን ግን እነሱም አይተዋል።"

ደሞዝ ተነሣ። ድንጋዩ አንገቱን ልጦታል። ሰውን እየሰነጠቀ ከብት ተራ ደረሰ። አዛናው ከኋላው ነበር። እዚያም ተንበረከከና ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረ፤ የአዛናውን ስም ከነአባቱ ስም ጠርቶ፣ የራሱንም ከነአባቱ ስም ጠርቶ። አንድ ሽማግሌ ከብት ሻጭ ያንን ቀን አስታወሰና ዱላውን መሬት ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

"ያኔ ውኃ እንኳ አልሰጠነውም" አለ ለጎረቤቱ።

አዛናው ጎንበስ አለ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ይዞ ከደሞዝ አንገት አወረደውና መሬት ላይ አስቀመጠው።

"ይፍታህ" አለ።

ከዚያ ሊገዛ የመጣውን ጨው ለመግዛት ወደ ገበያው መካከል ገባ።