ሳትጠየቅ የታቀደ እራት

ነርሷ የፍሪጅ ጥገና ቤቱን በር በክርኗ ገፍታ ገባችና የያዘችውን ድስት ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረገችው።

«ክፈተውና አሽትት» አለችው።

ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። እሁድ ዕለት ፍሪጇን ሠርቶ ሲወጣ ሶኬቱን መልሶ መሰካት ረስቶ ኖሯል። ሌላ ቤት ቢሆን በይቅርታ ያልፍ ነበር። እሷ ግን የማታ ተረኛ ናት። እናቷ ካረፉ ወዲህ የሳምንቱን እራት እሁድ እሁድ አብስላ፣ ለየቀኑ ከፋፍላ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጣለች፤ አባቷና ሁለቱ ጎረምሳ ወንድሞቿ ማታ ማታ እያሞቁ ይበላሉ። አሁን ሩዙም፣ ምስሩም፣ ሾርባውም ባንዴ ገደል ገባ።

ጠጋኙ አንዲት ቃል አልተከራከረም። ይሄ ደግሞ ይብስ አበገናት። ለጠብ ተዘጋጅታ መጥታ ሰውየው ዝም ሲላት እንዴት አትናደድ?

በዚያው ማታ እሷ ሥራ ላይ ሳለች እራት ይዞ ቤታቸው ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰ። አባቷ ወደዱት። እሷም እልኳ ቀስ በቀስ እየበረደ ሄዶ... ወደደችው። እሁድ እሁድ እየመጣ ሽንኩርት ይልጥላታል፤ እሷ ደግሞ አላላጡን ትሰድባለች። ሁለቱም ደስ ይላቸው ነበር።

አንድ እሁድ ታዲያ «እንጋባ» አላት።

ማማሰያዋን አስቀመጠች። «እኔ ከዚህ ቤት ከወጣሁ እነዚህን ማን ያበላቸዋል? ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ።»

አላነሳባትም። እሁድ መምጣቱንም ቀነሰ። ምነው ትንሽ እንኳ ቢለምነኝ እያለች በሆዷ ተቃጠለች። እምቢ ያለችው እሷ፣ የተቀየመችው እሷ!

አንድ ቀን ተራዋን ጓደኛዋ ስለያዘችላት ገና ሳይመሽ ቤቷ ደረሰች። ወጥ ቤቱ ግርግር ነው። ታላቁ ወንድሟ ምድጃው ላይ የድንች ወጥ ያማስላል፣ ታናሹ ቃሪያ ይከትፋል፣ አባቷ ሳህን ይደረድራሉ። ጠጋኙ መሐላቸው ቆሞ «እሳቱን ቀንሰው» ይላል።

«እኔ የሠራሁትስ?» አለች።

ተያዩ። በመጨረሻ ታላቁ ወንድሟ ለጎረቤት እየሰጡት መሰንበታቸውን በለሆሳስ ነገራት። «ልታገቢው እምቢ ያልሽው በኛ ሰበብ ነው ብሎን... ማብሰል እየለመድን ነው እትዬ።»

«ወገቤ እስኪቆረጥ ያበሰልኩትን ለጎረቤት?» ወደ ጠጋኙ ዞረች። «አንተስ? ስለኔ ኑሮ ከነሱ ጋር ስትመክር እኔ ምንህ ነኝ? ማን አቅድልኝ አለህ?»

«ማንም አላለኝም» አለ። «ሳይችሉ ብነግርሽ አታምኚኝም ብዬ ነው። ግን ልክ አይደለሁም።»

ልትመልስለት ስትል ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። አራት ወንበር፣ አራት ሳህን። የሷ የለም። ለዚህ ጠረጴዛ ስንት እራት አቅዳለች፤ በሥራ ቀን ተቀምጣ የበላችው ግን አንድም አልነበረም። ከሁሉም ይሄ አንገበገባት፣ በማን እንደምትናደድ ግን አላወቀችም። እንባዋ መጣ።

አባቷ አምስተኛ ሳህን አውጥተው ወጥ ጨለፉበት። «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «አብስይ አልንሽ እንጂ አብረሽን ብዪ ያለሽ የለም።»

ጠጋኙ የራሱን ወንበር ሳበላት። ተቀመጠች፤ ጎረሰች፤ ብዙ አኘከች።

«ድንቹ ጥሬ ነው» አለች እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «እስክትችሉ እሁድ እሁድ እየመጣሁ አያችኋለሁ።»

ታናሹ ወንድሟ ግራ ገባው። «ከየት ነው የምትመጪው?»

«ከባሌ ቤት» አለችው፣ ጠጋኙን ገና በቁጣ እያየችው።