ካርዱ ላይ ያለው አራተኛ ስም

ዱም...

ዱም...

መብራቱን ከማብራቴ በፊት የሰማሁት ይህንን ነው። ማህተም ወረቀት ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን ድምፅ። ከምድር ቤቱ ጨለማ፣ ከመደርደሪያዎቹ ወዲያ።

መብራቱን ሳበራው ቆመ።

የምነግራችሁን ከሰው አልሰማሁትም። ሕልምም አይደለም። ሌሊት እንኳ አልነበረም። ነሐሴ ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር፣ በእኛ በኮርሊ ካውንቲ ፍርድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የሆነ ነው። የማያምነኝ ካለ ፋይሉ እስከ ዛሬ አልጋዬ ስር አለ። አልመለስኩትም። ማንም መልስ አላለኝም...

ስሜ አርሎ ራድኬ ነው። የምሠራው የበቆሎ ጎተራው ሚዛን ላይ ነው። መኪና ይመጣል፣ እመዝናለሁ፣ ይሄዳል። የቀረውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። ታላቅ እህቴ ዴልፊን "ደመና ቆጣሪው" ትለኛለች።

ያን ቀን ግን ደመና አልቆጠርኩም።

ዴልፊን ዋድ ሄንሼል የሚባል ሰው ልታገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቷት ነበር። ዋድ መልከ መልካም ነው። ወሬ ያውቃል፣ ያስቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አሮጊቶችን ደግፎ ያስቀምጣል። ግን ሁለት ጊዜ፣ ገና በጠዋቱ፣ ዊስኪ ዊስኪ ሸትቶኛል። ሁለቱንም ጊዜ የመኪና ቁልፍ እጁ ላይ ነበር።

ደግሞ ትሪክሲ አለች። የዴልፊን ልጅ። ስድስት ዓመቷ ነው።

ያን ቀን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ዋድ መጥቶ ሁለቱንም ወደ እናቱ ቤት ሊወስዳቸው ነበር። መንገዱ በአሮጌው ድልድይ በኩል ነው።

ጠዋት ዴልፊንን ወጥ ቤት ውስጥ ያዝኳት።

"ዴል፣ ይሄ ሰውዬ ይጠጣል።"

"እዚህ አገር የማይጠጣ ማን አለ? ፓስተሩስ?"

"ጠጥቶ ይነዳል ነው የምልሽ።"

"አየኸው?"

"ሸተተኝ።"

"ሸተተኝ!" ከት ብላ ሳቀች። "በል አፍንጫህን ይዘህ ፍርድ ቤት ቅረብ።" ከዚያ ሳቋ ጠፋ። ትሪክሲ ጓሮ ስትጫወት በመስኮት አየቻት። "ወረቀት አምጣልኝ፣ አርሎ። ወረቀት ካመጣህ ልጄ እዚያ መኪና ውስጥ አትገባም። ካላመጣህ ግን እስከ ሠርጉ አፍህን ዝጋ።"

ሄድኩ።

የፍርድ ቤት መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። በእኛ ካውንቲ ግን ኮምፒውተር ላይ ያለው የቅርቡ ብቻ ነው። የድሮውን ምድር ቤት ወርደህ ራስህ ትፈልጋለህ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤቱን የያዙት ወይዘሮ ኦልግሬን የበር ስፋት ያለውን የስም ማውጫ ገፋ አደረጉልኝ።

ጣቴ በስሞቹ ላይ ወረደ።

ሄንሼል፣ ዋድ። ጠጥቶ ማሽከርከር።

ሄንሼል፣ ዋድ። ጠጥቶ ማሽከርከር።

ሄንሼል፣ ዋድ። ጠጥቶ ማሽከርከር።

"ሦስቱም አንድ ፋይል ውስጥ ናቸው" አሉኝ ወይዘሮ ኦልግሬን በሹክሹክታ። ቢሮው ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።

"ሰው ያውቃል?"

"ሰው የማያውቀው ምን አለ ብለህ ነው፣ የኔ ልጅ? ግን ቅጣቱን ከፈለ፣ መንጃ ፈቃዱን ለስድስት ወር ነጠቁት፣ አለቀ። ሰው የሚያወራው ሌላ ነው። ሴት አይበረክትለትም ይላሉ። ጥለውት ይጠፋሉ።"

የምድር ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝና ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

"ፋይሉን ስታነሳ ቦታው ላይ ባለው ካርድ ላይ ስም ትጽፋለህ፣ ቀንና ሰዓት ትጽፋለህ። ስትመልስ ትሰርዛለህ። ካርዱ ላይ ያልተሰረዘ ስም ያለው ሰው ለፋይሉ ተጠያቂ ነው። በዚህ ቀልድ አላውቅም።"

"ስሜን ልጽፍ ነው?"

የዋድ ያጎት ልጅ የሸሪፉ ምክትል ነው። አርብ አርብ ምድር ቤት ይወርዳል። ስሜን ካየ ሳይመሽ ዋድ ጆሮ ይደርሳል። ነገርኳቸው።

"ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለማን ነው?"

"ለእህቴ።"

"እንግዲያው የሷን ጻፍ። ሙሽራ ባሏን ብታጣራ ማን ይፈርድባታል?"

እውነት መሰለኝ...

ወረድኩ። ያን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው። ዱም... ዱም... መብራት ሳበራ ዝም።

ወይዘሮ ኦልግሬን ናቸው ብዬ አሰብኩ። ቀና ብዬ ሳዳምጥ ግን ከላይ፣ ከጣሪያው ወዲያ፣ የወይዘሮ ኦልግሬን ጫማ ወለሉን ሲረግጥ ይሰማል።

መደርደሪያውን አገኘሁት። ፋይሉ ቦታው ላይ ነው። ካርዱም አጠገቡ ተሰክቷል።

ካርዱን ሳወጣው ረጠብ ብሎ ነበር። ጅረት ጅረት ሸተተኝ።

ሦስት ስሞች ነበሩበት። ሮዌና። ጆሊን። ማቪስ። የእያንዳንዳቸው ጽሑፍ የተለያየ ነው። አንዳቸውም አልተሰረዙም።

ሦስት ሰው ወስዶ ያልመለሰው ፋይል... ፊቴ ቆሟል።

ምነው ያኔ ብሮጥ ኖሮ። ግን ሰዓቴ ለስድስት አስር ጉዳይ ይላል፣ ዋድ ደግሞ በሰባት ይመጣል። እርሳሴን አወጣሁና ከማቪስ ስር ጻፍኩ።

ዴልፊን ራድኬ። የዛሬ ቀን። ለስድስት አስር ጉዳይ።

የመጨረሻውን ፊደል ስጨርስ...

ዱም።

ከጀርባዬ። ቅርብ።

ዞርኩ። ማንም የለም። መደርደሪያ፣ ካርቶን፣ አቧራ።

ፋይሉን እዚያው ቆሜ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ጉዳይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ፖሊሱ በእጁ የጻፈው ነው።

"ፒክአፑ ከአሮጌው ድልድይ ስር ውሃ ውስጥ ተገኘ። አሽከርካሪው ሰክሮ ዳር ላይ ተቀምጧል። የተሳፋሪው ወንበር ቀበቶ እንደታሰረ ነው። ወንበሩ ላይ ሰው የለም። አንድ የሴት ጫማ ተገኝቷል። አሽከርካሪው ሮዌና የምትባለው እጮኛው ቀደም ብላ ጥላው እንደሄደች ተናግሯል።"

ሁለተኛውን ገለጥኩ። ድልድዩ ያው። ቀበቶው እንደታሰረ። አንድ ጫማ። "ጆሊን ጥላኝ ሄደች።"

ሦስተኛው። ቀበቶው እንደታሰረ። አንድ ጫማ። ማቪስ።

ወደ ካርዱ ተመለስኩ። ካርዱ ላይ ያሉት ስሞች ናቸው።

ከዚያ ቀኖቹን አስተያየሁ። ሮዌና ካርዱ ላይ የፈረመችበት ቀንና መኪናው ውሃ የገባበት ቀን... አንድ ነው። የጆሊንም። የማቪስም። ሮዌናማ የፈረመችው ፋይሉ ራሱ ገና ሳይኖር ነው።

እኔ ደግሞ የእህቴን ስም ጽፌያለሁ። ከዛሬ ቀን ጋር። በገዛ እጄ።

የእርሳሱን ጽሑፍ በላጲስ ላጠፋ ካርዱን አነሳሁ።

እርሳስ አልነበረም። ሰማያዊ ቀለም ነው። ጽሑፉም የኔ አይደለም። የዴልፊን ነው፤ ጭራውን አስረዝማ የምትጥለው የሷ ፊደል። ሰዓቱም ተቀይሯል።

ሰባት ሰዓት ከአስር።

ሰዓቴን አየሁ። ገና ስድስት ሰዓት ነው።

ያኔ ከላይ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ቀጭ።

የኛ አገር ፍርድ ቤት ከስድስት እስከ ሰባት ለምሳ ይዘጋል። ወይዘሮ ኦልግሬን ረስተውኛል!

ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጣሁ። በሩን ደበደብኩ። "ወይዘሮ ኦልግሬን! ወይዘሮ ኦልግሬን!" ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ በሩ ብረት ነው። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም።

እርሳሱን ቀለሙ ላይ ፈተግኩት። ልሰርዘው። አንዲት መስመር... አልጻፈልኝም። እንደገና ፈተግኩ። እርሳሱ ተሰበረ።

መብራቱ ጠፋ።

"ተው..."

የሴት ሹክሹክታ ነው። ከታች።

"ማነው?"

"አትሰርዘው..."

"እህቴ ናት! እባካችሁ... እህቴ ናት!"

ውሃ ጠብ ሲል ይሰማል። ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ደከም ያለ፣

"ሦስት ሆነን አልቻልነውም።"

ሦስተኛ ድምፅ፣

"አራት ከሆንን ይበቃናል..."

ዱም።

ደረጃው ላይ ኩርምት ብዬ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ፀሎት ጀምሬ መሃሉ ጠፋኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ወይዘሮ ኦልግሬን አፋቸው ላይ የኬክ ፍርፋሪ ነበር።

"አንተ ልጅ! ወጥተሃል ብዬ እኮ ነው!"

"የቀን ማህተሙ... የት ነው ያለው?"

"መሳቢያዬ ውስጥ ነዋ። ምነው?"

"እህቴ መጥታ ነበር?"

"ማንም አልመጣም። ምን ሆነህ ነው የገረጣኸው?"

ዞር ብዬ ቁልቁል አየሁ። ከኮሪደሩ የገባው ብርሃን እስከ ታችኛው ደረጃ ይደርሳል። እዚያ ሦስት የሴት ጫማዎች ተደርድረዋል። ሁሉም ነጠላ ነጠላ። ሁሉም ርጥብ።

ከአጠገባቸው ለአንድ ጫማ የሚሆን ቦታ ተትቷል።

ፋይሉን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ የዋድ ፒክአፕ ግቢው ውስጥ ሞተሩ እንደተነሳ ቆሟል። ዋድ በሩን ተደግፏል። ከአምስት ሜትር ይሸታል።

"ኧረ ደመና ቆጣሪው! ምን አባረረህ? ዝናብ ሊመጣ ነው?"

ዴልፊን ትሪክሲን በእጇ ይዛ ከቤት ስትወጣ አየሁ።

ለሦስት ሳምንት ጠብታ ዝናብ አልጣለም። የዴልፊን ፀጉር ግን ውሃ ያንጠባጥባል። ቀሚሷ ደረቅ ነው።

ሮጬ ፋይሉን ዘረጋሁላት።

"ዴል፣ ወረቀቱ። አመጣሁልሽ። አትሂጂ..."

"አንብቤዋለሁ።"

"መቼ? የት አግኝተሽ?"

የትሪክሲን እጅ እጄ ላይ አደረገች። አውራ ጣቷ ላይ ሰማያዊ የማህተም ቀለም ነበር።

"ማታ ፀጉሯን አበጥርላት" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሲያማት ደግሞ አትደንግጥ፤ ሾርባ ስጣት። መብራት አታጥፋባት።"

"ዴል፣ ስምሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ... እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ..."

ጉንጬን ነካችኝ። እጇ በረዶ ነው። ከዚያ ወደ ዋድ ሄደች።

"ቁልፉን።"

"ሙሽሪት ልትነዳ ነው?" ሳቀ። "ደግሞ ልጅቷስ አትመጣም?"

"ቁልፉን፣ ዋድ።"

አሁንም እየሳቀ ቁልፉን ሰጣት። ከዚያ ዓይኑ ወደ እግሯ ወረደ። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

አንድ እግሯ ባዶ ነበር።

"ግባ" አለችው።

እንደተቆጡት ሕፃን በተሳፋሪው በኩል ዞሮ ገባ። መስኮቱ ክፍት ነው። ሁለት እጆቹ ጭኑ ላይ እንዳረፉ ይታዩኛል። ቀበቶው ግን ቀጭ ብሎ ሲታሰር ሰማሁ።

"አርሎ..." አለኝ ዋድ በሹክሹክታ። ስሜን ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። "አርሎ፣ ንገራት እንጂ..."

ፒክአፑ ተንቀሳቀሰ። ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ሰዓት ከአስር።

ወደ አሮጌው ድልድይ በሚወስደው መንገድ ታጠፈ። ያ መኪና ቢጨናነቁበት ሦስት ሰው ነው የሚይዘው። በኋለኛው መስታወት ቆጠርኩ። ዓይኔን ጠርጌ እንደገና ቆጠርኩ።

አምስት ራሶች። በመሃላቸው የዋድ። የቀሩት አራቱ ፀጉራቸው ረጅም ነው።

ትሪክሲ እጇን ከእጄ አወጣች። አቧራው መኪናውን እስኪሸፍነው ድረስ ቻው እያለች አወዛወዘች።

አራት ጊዜ። ለእያንዳንዷ አንድ አንድ።