ለማን ነው የሚበራው?

አጎቷ በሩን ከፍተው ሲገቡ፣ ወገቧን አጉብጣ፣ አንድ እጇን የኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አሳርፋ፣ እግሯን እየጎተተች ስትራመድ ደረሱባት። ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ቆመው አዩዋት።

«ምነው ልጄ፣ ወገብሽን ነው?»

ደነገጠች። ለትምህርት ቤቱ የገና ድራማ እየተለማመደች ነበር። እንዲያ ብላ እንዳትነግራቸው ደግሞ፣ የማንን አረማመድ እንደምትለማመድ ሊጠይቋት ነው።

«ትንሽ አሞኝ ነው» አለች።

አጎቷ ማሞቂያውን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርደው ክፍሏ ውስጥ ሰኩላት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ። በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለሥራ የሚበራ ነገር ኖሮ አያውቅም። አጎቷ ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ አጉሊ መነጽር አንድ ዓይናቸው ላይ አድርገው ጎብጠው ስለሚውሉ፣ ቤት ሲመለሱም ወገባቸው ቶሎ አይቃናም። የሻይ ከረጢት ጨምቀው ለነገ ምስማር ላይ ይሰቅላሉ። የጥርስ ሳሙና ሲያልቅ ቱቦውን በመቀስ ይሰነጥቁታል። ሰው በሌለበት ክፍል አምፖል በርቶ ካዩ ደግሞ፣ ጣታቸውን ማጥፊያው ላይ አሳርፈው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ «ለማን ነው የሚበራው?» ይሉና ቀጭ ያደርጉታል።

እናቷ እሷን አጎቷ ጋ ትታ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከአጎቷ አፍ ከሰማችው ግማሹ ይኸው ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም። እራት ይዘው እሷ ወደ ክፍሏ፣ እሳቸው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ፤ በመሃል ጨለማው ኮሪደር አለ።

ትምህርት ቤትም ያው ነበር። የሚጠላት የለም፤ የሚፈልጋትም የለም። በእረፍት ሰዓት ደረጃው ሥር ተቀምጣ መጽሐፍ ትገልጣለች፣ አንዱን ገጽ ሦስቴ ታነበዋለች። ድራማ ክበብ የገባችውም መጋረጃ ለመሳብ ነበር። መምህሩ ግን ወፈር ያለ ድምፅ አላት ብለው የስስታሙን ሽማግሌ ቦታ ሰጧት። ሽማግሌው ማገዶ ነጋዴ ነው፤ ለገና ዋዜማ አንዲት ጎረቤቱ ብርሃን ፍለጋ በሩን ብታንኳኳ ይመልሳታል። ከዚያ በሕልሙ ቤቱን ሰው አልባ ሆኖ ያየዋል፤ ሲነቃ ተለውጦ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሰባቱንም ፋኖሶች ያበራል።

በመጀመሪያው ልምምድ መድረክ ላይ እንደወጣች ቃሉ ሁሉ ጠፋት። ፊት ለፊቷ አንድ ፋኖስ ይበራል። ጉብጥ አለች፣ እጇን ዘረጋች፣ አፏ በራሱ ጊዜ «ለማን ነው የሚበራው?» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ እንባቸውን እየጠረጉ ጽሑፋቸው ላይ አራት ቦታ አስገቡት። በማግስቱ ግቢው ውስጥ የማታውቃቸው ልጆች ስልክ የሚነካካ ሰው ባዩ ቁጥር «ለማን ነው የሚበራው?» ይባባሉ ጀመር። ጎረቤቲቱን የምትጫወተው፣ ሁሉም ቀጮ የሚሏት ልጅ፣ በምሳ ሰዓት አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

«አንቺ ልጅ ቀወጥሽው እኮ። ከየት ነው ያመጣሽው?»

«እንዲሁ መጣልኝ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃው ሥር ተቀምጣ አታውቅም።

መምህሩ ቅር የሚላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስስቱን ስትጫወት እውነት ይመስላል፤ ደግነቱ ላይ ስትደርስ ግን እጇን ታወናጭፋለች እንጂ ማንም አያምናትም። ሰውየው ከየት አምጥቶ ተለወጠ ይሏታል። አታውቅም።

ለእያንዳንዱ ተዋናይ ለቤተሰብ የሚሰጥ የጥሪ ካርድ ታደለ። የእሷ ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ አራት ቀን ቆየ። በትርኢቱ ዋዜማ አጎቷ ሰዓት ሊያሠሩ ከመጡት መምህር ሰምተው ኖሮ፣ በሯ ላይ ቆመው ድራማ እንዳለ ጠየቋት። ምን እንደምትጫወትም ጠየቁ። አንድ ሽማግሌ ነው አለቻቸው።

«ወላጅ ይጠራል?»

«አይ፣ ለተማሪ ብቻ ነው።»

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዞሩ። ያኔ ነው ክንዳቸው ላይ ያለውን ያየችው። ነጭ ሸሚዛቸው ነበር፤ ገና የካውያው ሙቀት ያልወጣለት። ካውያ በወር አንዴ የሚሰኩ ሰው ናቸው። ሸሚዙን መልሰው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሲሰቅሉ መስቀያው ሲንኳኳ ሰማችው።

አርብ ጠዋት ድራማው ለተማሪዎች ታየ። አራቱም ቦታ ላይ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን ዓይኗ ከሦስተኛው ረድፍ አልነቀል አለ። ለከሰዓቱ ትርኢት «ለቤተሰብ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ወንበሮች ባዶአቸውን ተደርድረዋል። ሲያልቅ እነቀጮ ምሳ እንብላ ብለው ቢጠሯትም መጣሁ ብላ በሩጫ ወጣች።

አጎቷ ሱቃቸው ውስጥ ጎብጠው የአንድ የእጅ ሰዓት ሆድ ከፍተው ነበር። ካርዱን የባንኮኒው መስታወት ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ወላጅ ይጠራል። ዋሽቼዎት ነው።»

አጉሊ መነጽራቸውን ሳያነሱ አነበቡት። «ምነው ታዲያ?»

«የምጫወተው ሽማግሌ ስስታም ነው። አረማመዱ የእርስዎ ነው። ‹ለማን ነው የሚበራው› ይላል።»

ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ እየቆጠሩ ነበር፤ ሁለቱ እንኳ አብረው አይመቱም። አጎቷ በወረንጦ የያዟትን ብሎን ቀስ ብለው ክዳን ላይ አኖሯት።

«ሰው ሳቀ?»

«በጣም።»

«መጨረሻው ምን ይሆናል፣ ሽማግሌው?»

«ይለወጣል። ሰባቱንም ፋኖሶች ያበራል።»

«ሰባቱንም?» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ለማን?» ብለው ጠየቁ።

ሊያስቋት አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁት። ጥያቄውን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች።

መጋረጃው በዘጠኝ ሰዓት ሲከፈት ሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ ነጭ ሸሚዝ አየች። የመጀመሪያውን «ለማን ነው የሚበራው?» አለች። ሰው ሳቀ። አጎቷ አልሳቁም፤ ግን አልተነሱም።

መጨረሻው ደረሰ። ከእንቅልፉ የነቃው ሽማግሌ ሰባቱን ፋኖሶች እየሮጠ ማብራት ነበረበት። እሷ አልሮጠችም። እንደጎበጠች ሄዳ አንዱን ብቻ አበራች። ወንበሯን ከሥሩ አስጠጋች፤ ሌላ ወንበር ጎትታ ከጎኑ አደረገች። ከመጋረጃው ጀርባ መምህሩ ሌሎቹን፣ ሌሎቹን እያሉ በእጃቸው ያመለክታሉ። በሩን ከፈተችና ቀጮን ወደ ባዶው ወንበር መራቻት። ቀጮ ግራ ገብቷት ተቀመጠች። እሷም ከጎኗ ተቀመጠች፤ መጋረጃው ተዘጋ።

በኋላ፣ ሰው ሲበተን፣ ቀጮ በሩ አጠገብ ብቻቸውን የቆሙትን ጎባጣ ሰውዬ እያየች ክንዷን ያዘቻት። «እንዴ፣ ያ ሰውዬ ቁርጥ አንቺን። ማን ነው?»

«አጎቴ ናቸው» አለች። «ቃሉም የእሳቸው ነው። ነይ ላስተዋውቅሽ።»

ያን ዕለት ቤት ሲገቡ አጎቷ የኮሪደሩን መብራት አበሩና፣ የእሷን ክፍል በር ከፍተው ያንንም አበሩላት። እሷ ተከትላቸው ሁለቱንም አጠፋችና የእራት ሳህኗን ይዛ ወደ እሳቸው ክፍል ገባች።