የቫላሲ ንጹሕ ኮሌታ

ኢንስፔክተር ሲኒቫ ከባሕሩ ግንብ ሥር ስትደርስ ሬሳው በወንድ ሸሚዝና ሱሪ አሸዋው ላይ በጀርባው ተጋድሞ ነበር። ሟቿን ወዲያው አወቀቻት። ቫላሲ ናት፤ ሳሞአውያን ፋአፋፊኔ የሚሏት፣ ወንድ ሆና ተወልዳ በሴትነት የኖረች፣ በዋና ከተማቸው በአፒያ ገበያ ልብስ የምትሰፋ።

«ጠጥቶ ወድቋል፤ ፋይሉን ዝጊው» አላት አለቃዋ። «ሚኒስትሩ ትናንት በሬዲዮ በነዚህ ሰዎች ላይ ስለሚደርሰው ጥቃት ተናግረዋል። ዛሬ ሌላ ወሬ አንፈልግም።»

ሲኒቫ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ጎንበስ አለች። ረጅሙን ጸጉር ገለጥ ስታደርገው ከማጅራቷ በላይ ሰፊ ቁስል አገኘች። ዙሪያው በምላጭ ተላጭቷል፤ ስፌት ግን የለውም። የሸሚዙን ኮሌታ ደም አልነካውም። ያየችውን ለማንም ሳትናገር ጸጉሩን መልሳ ሸፈነችው።

የቫላሲ ወዳጅ፣ ባለታክሲው ሴፎ፣ መሪውን እንደጨበጠ ያለቅሳል።

«አብረን ልንበላ ተቀጣጥረን ቀረችብኝ።»

«ሱሪ ትለብስ ነበር?»

«ቫላሲ? ሞታ ካልሆነ በቀር ሱሪ አታደርግም።»

ወንድሟ ማላኪ ግን፣ «ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ ነው ከቤት የወጣው። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም» አለ።

የሰፈሩ ብቸኛ ክሊኒክ ባለቤት ዶክተር ፓሌሳ ቀና ብሎም አላያት። «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ አልመጣም። ደግሞስ ማጅራቱን የተመታ ሰው ማን ያድነዋል?»

ሲኒቫ አመስግናው ወጣች።

በማግሥቱ ሦስቱንም በሟቿ እናት በእማማ ቶኤ ቤት ምንጣፍ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ጭንቅላቷ ደምቶ ኮሌታዋ ካልደማ፣ ሸሚዙን ያለበሷት ከሞተች በኋላ ነው። ለብሳው ወጣች ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ማላኪ።»

ማላኪ አንገቱን ደፋ። «በቀሚስ ቤተ ክርስቲያን እመጣለሁ አለኝ። አንዴ ነው በዱላ የመታሁት። ደንግጬ ሐኪም ጋ ወሰድኩት።»

«የቁስል ዙሪያ የሚላጨው ሊሰፋ ነው። ዶክተር፣ እኔ ስለ ማጅራቷ ለማንም አልተናገርኩም። እርስዎ ከየት አወቁ?»

በዶክተሩ ፈንታ የመለሰው ማላኪ ነው። «መላጨት ጀምሮ ነበር። ቀሚሱን ፈትቶ ወንድ መሆኑን ሲያይ ምላጩን ወርውሮ፣ ‹ይህን ውሰድልኝ፤ ታካሚዎቼ ይጸየፋሉ› አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ሞተ። ሸሚዝና ሱሪ አልብሼ ከግንቡ ሥር ጣልኩት፤ ቀሚሱን አቃጠልኩት።»

«ሲያባርርህ ትተነፍስ ነበር?» አሉ እማማ ቶኤ።

«ይተነፍስ ነበር፣ እማዬ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን በመጎናጸፊያቸው ሸፈኑ። ሴፎ ተነሥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እኔ እጄን አላነሣሁበትም» አለ ዶክተሩ። «አለማከም ወንጀል አይደለም።»

«መንግሥት እንደ ቫላሲ ያሉት ይደበደባሉ፣ ሕክምናም ይነፈጋሉ ብሎ በሬዲዮ አምኗል» አለች ሲኒቫ፤ አንቱታውን ትታዋለች። «ከልቡ መሆኑን ፍርድ ቤት እናየዋለን። ተነሥ።»

የያዘችው ካቴና አንድ ነው። አንዱን ጫፍ በማላኪ፣ ሌላውን በዶክተሩ እጅ ላይ ቆለፈችው።