የቆርኪዋ ወፍ ክንፍ

ሰዓሊዋ ጠመኔዋን ይዛ ግድግዳው ፊት ቆማለች፤ የወፏን ክንፍ ልታሳጥረው ነው። የክፍል ጓደኞቿ «ሰዓሊዋ» የሚሏት ልጅ፣ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ክንፏን የዘረጋች ትልቅ ወፍ ነድፋ በዘጠና ስድስት ካሬ ሸንሽናታለች። ካሬዎቹ በሙሉ በጠርሙስ ቆርኪ ይለበጣሉ ተብሎ ነበር።

ተማሪው ዓመቱን ሙሉ የለቀመው ቆርኪ በርሜል ሞልቷል። ይበቃ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። የሥዕል መምህሩ ጠዋት፣ «ሙጫ ከደረቀ ወዲያ መመለስ የለም። ክንፏ ይዘርጋ ወይስ ይታጠፍ? እስከ ምሳ ወስኑ» ብለዋቸው ሄደዋል።

ያን ሁሉ ቆርኪ አንድ በአንድ መቁጠር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሰዓሊዋ አንድ ጣሳ ሞላች፣ አፉን በማስመሪያ ልክክ አድርጋ ጠረገች፣ መሬት ላይ በወፏ ካሬዎች ልክ ባሰመረቻቸው ካሬዎች ውስጥ ደረደረችው። አራት ካሬ ሸፈነና ወደ በርሜሉ መለሰችው። ከዚያ «ባለሱቁ» የሚሉት የክፍል ጓደኛዋ በርሜሉን በዚያው ጣሳ እየሰፈረ ጆንያ ውስጥ ገለበጠ። ሃያ ጣሳ ሆነ።

«ሃያ በአራት ሰማንያ» አለች ሰዓሊዋ። «አሥራ ስድስት ካሬ ይጎድለናል።» ጠመኔዋን አነሳች። የጎደለው የሁለቱ ክንፎች ጫፍ ነው።

«አቦ አትዘኚ፤ ዶሮ ናት እንላለን» አለ ባለሱቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እስኪ አንዴ ስፈር፣ ልየው።»

ባለሱቁ ጣሳውን ጆንያው ውስጥ ነክሮ እስኪቆለል ሞላው፤ በዚያም ላይ አንድ እፍኝ ጨመረበት።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ምርቃት ናታ።»

«ለማን?»

ባለሱቁ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ በእናቱ ሱቅ ባቄላ ሲሰፍር ነው ያደገው፤ እዚያ ልክክ ያለ ጣሳ መስጠት ንፉግ ያሰኛል። «እማዬ ሳትመርቅ አትስጥ ትለኛለች» አለ እያፈረ። «እጄ ለምዶ ነው እንጂ…»

«ሃያውንም እንዲህ ነው የሰፈርከው?»

«ለቆርኪም ንፉግ አልሆንም ባክሽ።»

ሰዓሊዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ባለሱቁ እንደገና እንደዚያው ሲሰፍር፣ ከየጣሳው አናት የተቆለለውን እየጠረገች ሌላ ተመሳሳይ ጣሳ ውስጥ ጨመረች። የአራት ጣሳ ምርቃት አንድ ጣሳ ልክክ አድርጎ ሞላ።

«በየአራቱ አንድ ከተረፈን፣ ሃያው ሃያ አምስት ነው» አለች። «በአራት ሲባዛ መቶ ካሬ።»

«አራት ካሬ ትርፍ ብቻ? ግምት እኮ ነው፤ ቢያጥረንስ?»

ሰዓሊዋ ወፏን አየቻት። ሁሉም ያሰበው ከምንቁሯ ለመጀመር ነበር፤ ከዚያ ከጀመሩ፣ ትንሽ ሲፈሩ ክንፉን ያጥፉታል። ጠመኔዋን ኪሷ ከተተች፣ ሙጫውን አነሳችና መሰላሉን ወደ ዳር ገፋችው።

«ያዝልኝ» አለችው፤ ወጥታም የመጀመሪያዋን ቆርኪ የቀኙ ክንፍ ጫፍ ላይ ለጠፈች።