ዲቦራ አሜሪካ የሄደች ሰሞን

በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣ ስደተኞች በሚበዙበት የቤሪያ ሰፈር ውስጥ፣ ሊፍቱ ከቆመ ዓመታት ባለፈው ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አባትየው ደሳለኝ ዳቬይተን ሰፈር ባለችው፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቁ ዳቦና የሞባይል ኤርታይም ሲሸጥ ይውላል፤ እናትየው በለጥሽን ካንሰር አልጋ ላይ ጥሏታል፤ ያለቻቸው አንድ ልጅ ዲቦራ ደግሞ ትሮጣለች። አቤት ስትሮጥ! በአሥራ ስምንት ዓመቷ በሺህ አምስት መቶ ሜትር የሚቀድማት ተማሪ ጥቂት ነበር። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤትሽ ይሻልሻል» ብለው ከሸኟት ወዲህ በለጥሽ ከጌታ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይኗ ሳይከደን ልጇ ከዚያ ክፍል ወጥታ ስትሄድ ማየት። ለአንዲት እናት ይህ ብዙ ልመና ነው?

ልመናዋ የተሰማ መሰለ። አንዲት የአሜሪካ ኮሌጅ አሠልጣኝ የዲቦራን ሰዓት አይታ ደወለች። ሴትየዋ በሰዓት ብቻ የምትደለል አልነበረችም። ሰዓቷ በየዓመቱ ምን ያህል እንደተሻሻለ ጠየቀች፤ የሒሳብና የሳይንስ ውጤቷን አስላከች፤ ተጎድታ ታውቅ እንደሆነም መረመረች። ከዚያ ያሸነፈችበትን ሳይሆን የተሸነፈችበትን ውድድር ቪዲዮ ፈለገች። ዲቦራ አራተኛ የወጣችበትን ላከችላት፤ እንባዋን እየጠረገች ሄዳ አንደኛ የወጣችውን ልጅ ስታቅፍ ይታያል። አሠልጣኟም ሰዓት በልምምድ እንደሚመጣ፣ እሷ የምትፈልገው ግን ሽንፈት የማይሰብራትና የማትዋሽ ልጅ እንደሆነ ነገረቻት። በለጥሽ ይህን ስትሰማ ሰው ደግፏት ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ማይክ ይዛ ልጇ አሜሪካ ልትማር መሆኑን መሰከረች። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ።

ምስክርነቱ በተሰማ በአሥረኛው ቀን ኮሌጁ የልደት ቀኗን የሚያሳይ ወረቀት ጠየቀ። ዲቦራ የጥገኝነት ፔፐሯን አውጥታ ስታየው የትውልድ ዓመቷ 1998 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው፤ በፈረንጅ ግን... ስምንት ዓመት ጨምሮባታል! ቅጹን ያስሞላችው በለጥሽ ነበረች። ያን ቀን ሕፃኗ በኩፍኝ ታማ ጎረቤት ቤት ቀርታ ስለነበር ጸሐፊው አላያትም፤ እናትም የምታውቀውን ዓመት አስጻፈች። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ በታደሰ ቁጥር ቀኑን ልብ ያለው አልነበረም። ደሳለኝ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ፤ የልደት ምስክር ወረቀት አምጣ አሉት። ሆሳዕና አጠገብ ገጠር ውስጥ ለተወለደች ልጅ ማን ወረቀት ጽፎላት? ዲቦራ ሁሉንም ሳትደብቅ ለአሠልጣኟ ነገረቻት። አሠልጣኟ ስትፈልጋት የኖረችው ልጅ እሷ እንደሆነች፣ ነገር ግን በወረቀት ሃያ ስድስት ዓመት የሞላትን ሯጭ እንድትቀበል የዕድሜ ደንቡ እንደማይፈቅድላት እያዘነች ነገረቻት። ቦታው ለሌላ ተሰጠ።

አሁን ለበለጥሽ ማን ይንገራት? ልጇን ያስቀራት የገዛ እጇ መሆኑን ለዚያች ምስኪን የሚናገር አንደበት ከየት ይመጣል? ደሳለኝ ልጁን ወደ ደረጃው ይዟት ወጣ።

«እናትሽ ይህን አውቃ አትሙት፣ ልጄ።»

«እሺ፣ አባዬ» አለች። መዋሸት የማታውቀው ልጅ!

የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ ማናሴ መጥተው ለመንገዷ ጸለዩላት። በለጥሽ አልጋዋ ላይ ሆና ግንባሯን ስማ መረቀቻት። ዲቦራ አሜሪካ የምትሄድ መስላ ሻንጣዋን ይዛ ወረደችና በታክሲ እዚያው ከተማ ዳር፣ ኮዝሞ ሲቲ፣ አጎቷ ፀጋዬ ሱቅ ገባች። ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየደወለች አሜሪካ ገና መንጋቱን፣ ብርዱን፣ ልምምዱን ለእናቷ ታወራለች። ደንበኛ በአገሬው ቋንቋ «ሳዉቦና!» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ሲገባ ስልኩን በመዳፏ ትከድናለች። በለጥሽም እያቃሰተች ትስቅ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኩን ያነሳው ድምፅ የእናቷ መሆኑን ለመለየት እንኳ አስቸገራት።

«ዲቦራዬ፣ ደክሞኛል። ትምህርትሽን ጥለሽ እንዳትመጪ።»

«እማዬ፣ ልምጣ... ፕሊስ።»

«ሩቅ ነሽ፣ ልጄ። ሩቅ መሆንሽ ነው ደስ የሚለኝ።»

ዲቦራ ሱቁን ጥላ ወጣች። ታክሲ ያዘች፤ ስድስቱን ፎቅ ሮጠች፤ በሩ ላይ ደርሳ እጀታውን ጨበጠች። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ይሰማል። ለቤተ ክርስቲያን እኅቶች ልጇ አሜሪካ በረዶ ላይ እንደምትሮጥ በተቆራረጠ ትንፋሽ እየነገረቻቸው ነበር። ትግባ? ገብታ ያንን ደስታ ትንጠቃት? እጇን ከእጀታው አነሳችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እዚያው እንደተቀመጠች የአባቷ ጩኸት በሩን አልፎ መጣ...

በቀብሩ ዕለት እኅቶቹ አቅፈዋት፣ ከአሜሪካ በአንድ ቀን መድረሷን እያደነቁ ጌታን አመሰገኑ። እናትና ልጅን ለመለየት ውቅያኖስ ያስፈልጋል ያለው ማነው? ዕጣ ፈንታ ለእነዚህ ሁለቱ አንድ የእንጨት በር በቃው!

«መቼ ትመለሻለሽ?» አሏት።

«ነገ» አለች ዲቦራ።

በማግስቱ ኮዝሞ ሲቲ፣ ከሱቁ ፍርግርግ ጀርባ ቆማ ዳቦ ትሸጥ ነበር።