አረንጓዴው ምድር ቤት

የአቶ ደበሳይ ሬሳ የተገኘው ረቡዕ ማታ፣ ባሕሩ በሮም ዳርቻ የምትገኘውን የኦስቲያን ቤቶች አጥለቅልቆ ከተመለሰ በኋላ ነበር። የሚኖሩበት ምድር ቤት በር ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ፖሊስ «አደጋ ነው» ብሎ ሄደ። አደጋ በር ይቆልፋል እንዴ? የሐበሻ ቤተ ክርስቲያኑ ምእመናንም ጡረተኛውን መርማሪ ሻምበል ግዛቸውን ጠሩ።

ሻምበሉ መጀመሪያ ሬሳውን አዩ። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ከሟቹ ማተብ ጋር ታስሯል። በክፍሉ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ክዳኑ የተገጠመ ሳህን አገኙ፤ ምስር ወጥ ነው፣ አልተነካም።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሻቸው?» አሏት ከላይ የምትኖረውን የሰው ቤት ሠራተኛ ዘርፈሽዋልን።

«እሁድ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ።»

ጎረቤቷ ኃይለ ግን ቱግ አለ። «እኔ ፒኜቶ ሰፈር፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከእሳቸው ጋር ተኳርፈናል፣ አልዋሽም። ሬዲዮናቸው ከጠዋት እስከ ማታ እስከ መንገድ ይሰማል። አሎራ፣ ታዲያ ለዚህ ሰው ይገደላል?»

ሦስተኛዋ ተጠያቂ ሰመረት ናት፤ ባሕር ሲነሣ የትኛው ቤት እንደሚጎዳ ካርታ ትሠራለች። ሰው ያለበትን ምድር ቤት ቀይ፣ ባዶውን አረንጓዴ ትቀባለች፤ የጎርፍ ነፍስ አዳኞች ቀዩን ያስቀድማሉ።

«የእሳቸውን ባዶ መስሎኝ አረንጓዴ ቀባሁት» አለች።

ሻምበሉ ሦስቱንም ዘርፈሽዋል ቤት ሰበሰቧቸው።

«ጠላት ቢቆልፍባቸው ቁልፉን አይተውላቸውም። ስለዚህ ወደው ነው የተቆለፈባቸው፣ ያውም በሚያምኑት ሰው። ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ምስሩ ሳይነካ የቀረው ለዚህ ነው። የመጣላቸው በዚያው ጠዋት ነው። ከኃይለ እጅ ደግሞ አይበሉም፤ ከላያቸው ያለሽው አንቺ ነሽ። ዘርፈሽዋል፣ እሁድ አይደለም ያየሻቸው።»

ዘርፈሽዋል ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ልጄን ከአገር ቤት ላስመጣ ስል የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ፤ እታች ሰው ካለ ጠባብ ነው ብለው ይከለክሉኛል። አቶ ደበሳይ ራሳቸው ናቸው 'ቆልፊብኝ፣ ልጅሽ ትምጣልሽ' ያሉኝ። ማታ ከሥራ ስመለስ ቁልፉን በጠባቧ መስኮት ሊያቀብሉኝ ነበር። ዩኒፎርም የለበሱ መጥተው 'እታች ሰው አለ?' ሲሉኝ፣ ቤቱን የሚያዩት መስለውኝ የለም አልኩ። ለካ አዳኞች ናቸው! ሥራ ቦታ ሆኜ ባሕሩ መግባቱን ሰማሁ፣ ባቡር ቆሟል። ደወልኩ። አዳኞቹም 'ካርታው ባዶ ይላል፤ ቀዮቹን እንጨርስ' አሉኝ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ ሻምበል።»

ሻምበሉ ወደ ሰመረት ዞሩ። «ሬዲዮው እስከ መንገድ እየተሰማ፣ እንዴት ባዶ መሰለሽ?»

«ለመነችኛ» አለች ሰመረት፣ እያለቀሰች። «ለልጇ ብላ ለመነችኝ።»

«ሌላስ ስንት ቤት አረንጓዴ ቀባሽ?»

«የለመነኝን ሁሉ። ነገም ማዕበል አለ ብለዋል።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይሄኛው ማሳሳቁንም ትቶታል። ሻምበሉ ሰመረትን አስከትለው ወደ ጎረቤት ግቢ ሄዱ። የምድር ቤቱ በር ከውጭ ተቆልፏል፤ ውስጥ ግን ሰው ያስላል። ሲያንኳኩ የሳሉ ድምፅ ጠፋ።

«እኔ ነኝ፣ ግዛቸው፤ ፖሊስ አይደለሁም» አሉ። «ነገ ባሕሩ ይመጣል። ውጡ እባካችሁ።»

ከላይ አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ አለች።

«አባቴ፣ እዚያ ሰው የለም» አለቻቸውና መስኮቱን ዘጋች።